በር የሚያስከፍት ድምፅ

ጋሽ ጆሮ ይሉታል። ስም ያወጡለት ሰዎች ብዙ አልደከሙም። የታመመ ሞተር ብስክሌት ሲቀርብለት አይነካካም፣ ምን ሆነ ብሎ አይጠይቅም፤ የካቻቪቱን ጫፍ ማሽኑ ላይ፣ እጀታውን ደግሞ ከጆሮው ጀርባ ያለው አጥንት ላይ አስደግፎ ዓይኑን ይጨፍናል። በዚያን ጊዜ አጠገቡ የቆመ ሰው መተንፈስም የለበትም። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ዝም በይ ከሚሉኝ ሰዎች ጋር ተስማምቼ አላውቅም። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ በዚያ ሰሞን በልቤ የምጠራበት ስም ግን እዚህ የሚጻፍ አይደለም።

ወደዚያች ከተማ የሄድኩት ለመኖር አልነበረም። ሥራዬ የውሃ ፓምፕ መጠገን ነው። መሥሪያ ቤቴ ከከተማዋ ወዲያ፣ ቀናት በሚያስኬድ ጥርጊያ መንገድ ዳር ባሉ ጉድጓዶች ላይ መደበኝና ለመሄጃ የሚሆን ሞተር ሰጠኝ። ሰጠኝ ከተባለ ነው። በጭነት መኪና ታስሮ የመጣልኝ ከእኔ ቀድሞ ጡረታ መውጣት የነበረበት፣ የጭስ ማውጫ ቱቦው፣ መካኒኮች ማርሚታ የሚሉት፣ በዝገት ተበልቶ ወንፊት የሆነ ጉድ ነበር። «እዚያው ይጠገንልሻል፣ ጎበዝ መካኒክ አለ» ተባልኩ። ችግሩ ጊዜ አልነበረኝም። መንገዱን መሃል ላይ የሚያቋርጠው ወንዝ በበጋ አሸዋ ብቻ ነው፤ ዝናብ ከጣለ ግን ድልድይ ስለሌለው ወዲያ ማዶ የሚሻገር የለም። ማዶ ያሉት ሰዎች ደግሞ ፓምፖቹ ከቆሙባቸው ወዲህ ከብት ከሚጠጣበት ኩሬ እየቀዱ ነበር፣ ልጆቻቸውም መታመም ጀምረዋል።

ስደርስ የአቧራ ሰሞን ነበር። ሰማዩ አይታይም፤ ፀሐይዋ እኩለ ቀን ላይ እንኳን ነጭ ሆና በባዶ ዓይን ትታያለች። መንገዱ ሰፊና ቀጥ ያለ፣ ግራና ቀኙ የቆርቆሮ አጥርና የብረት በር ነው። ሱቆቹ ክፍት ናቸው፣ ባለሱቆቹም ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ግን የሚጮህ፣ የሚስቅ፣ የሚከራከር ሰው የለም። ሲጠይቋቸው በትህትና ይመልሳሉ፣ ከመለሱ በኋላ ደግሞ አንድ ነገር እንደሚጠብቁ ሁሉ ወደ መንገዱ ያያሉ። በከተማዋ ምላስ ያላት የምትመስለው ያከራየችኝ ሴትዮ ብቻ ነበረች። እሷም ባሏ የሞተባት፣ ወፍራም፣ ጨዋታ አዋቂ ናት። የሰጠችኝ ክፍል አንድ የብረት አልጋ፣ አንድ ወንበርና ወደ መንገዱ የሚያይ መስኮት ነበረው። መስኮቱን ብዘጋም አቧራው ትራሴ ላይ ያድር ነበር።

ጋራዡ ከእሷ ቤት ትንሽ አለፍ ብሎ ነው። ከጀርባው የሞቱ ሞተሮች ዕቃ ተከምሯል፤ ቸርኬ፣ ታንከር፣ ማርሚታ፣ ሁሉም በላይ በላዩ። ጋሽ ጆሮ ዕቃ ሲፈልግ እንደ ሰው አገላብጦ አይመርጥም። ክምሩ ውስጥ እጁን ይከትና ያገኘውን ሁሉ በካቻቪቱ እያንኳኳ ያዳምጣል፣ ጆሮው የወደደለትን ያወጣል። የኔን ማሽን ሆድ ዕቃ ከፍቶ ከገጠመ በኋላም እንዲሁ አደረገ። አንዱን ማርሚታ ኳ፣ ሌላውን ኳ፣ ሲል ሲል ከሥር የተቀበረ አንድ ጭቃ የለበሰ ቱቦ አግኝቶ አንኳኳው፣ ደግሞ አንኳኳው።

«ይኼ ነው» አለ። «ማሽንሽ ከዚህ ጋር ይግባባል።»

«እኔ መግባባቱን አልፈልግም፣ መሄዱን ነው የምፈልገው» አልኩት።

ቱቦውን ገጠመና ረግጦ አስነሳው። ሞተሩ ትን እንዳለው ሰው ሁለቴ ሳለ፣ ከዚያ ከሳሉ ሥር አንዲት ቀጭን ፉጨት ወጣች፣ ረዘም አለች። የሰውየው ፊት ሲለወጥ አየሁ። ደም የሚባል ነገር ጠፋበት። ቶሎ ብሎ አጠፋውና እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ ከጠረገም በኋላ እንደገና ጠረገ። ከመንገዱ ማዶ ከአጥሮቹ ከአንዱ የበር መወርወሪያ ሲሳብ ተሰማ። ብረቱ ከከረመበት ሲላቀቅ የሚያሰማው ድምፅ ጥርስ ያፋጫል።

«ምነው፣ ተበላሸ?» አልኩት።

«አይ፣ ደህና ነው» አለ፤ የሚያየው ግን ሞተሩን ሳይሆን መንገዱን ነበር። «ነገ ዞር ዞር አድርገሽ ትሞክሪዋለሽ። በዚያ በኩል፣ በአረንጓዴው በር በኩል እለፊ፣ መንገዱ ደህና ነው። ደግሞ ሄልሜትሽን እንዳታወልቂ፣ ፖሊስ ያስቸግርሻል።»

በማግስቱ ከምሳ በኋላ ወጣሁ። በዚያች ከተማ ያየሁት ፖሊስ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ፀጉር አስተካካዩ ደጅ ነጭ ጨርቅ አንገቱ ላይ አስሮ ተቀምጦ ነበር። ሳልፍ መቀሱ አየር ላይ ቆመ። ፖሊሱ ቀና ብሎ ሊያስቆመኝ ነው ስል ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። ትንሽ ወረድ ብሎ ሻይ የምትሸጥ ሴት አለች። ድምፄን ስትሰማ፣ የሞተሩን ማለቴ ነው፣ ብርጭቆ ሞላችና ማንም ያልተቀመጠበት ጠረጴዛ ላይ አኖረችው። እኔን አላየችም። ሁሉም የሚያዩት ከእኔ በላይ ወይም ከእኔ ኋላ ያለ ነገር ነበር።

ከዚያ አንድ ውሻ መጣ። ከጥላው ተነስቶ ሳይጮህ፣ ሳይቸኩል፣ ከፊተኛው ጎማዬ ጎን እየሮጠ አረንጓዴው የብረት በር ድረስ አብሮኝ ሄደና እዚያ ቁጭ አለ። በሩ በሁለት በኩል ወለል ብሎ ተከፈተ። የከፈተው ሰው አይታይም። ውስጡ ባዶ ግቢ ነው፣ አንዲት በርጩማ ብቻ። አለፍኩ። በመስታወቴ ወደኋላ ሳይ ውሻው ጀርባውን ሰጥቶኝ ግቢውን ያያል፤ በሩም እንደተከፈተ ነው። ሴት ሞተር ስትነዳ አይተው የማያውቁ ገጠሬዎች ናቸው ብዬ ራሴን ልደልል ሞከርኩ፤ ውሻው ግን ምን ያውቃል?

ስመለስ ከሻይ ሻጯ ዘንድ ቆምኩና ሄልሜቴን አውልቄ ብርጭቆው ያለበት ጠረጴዛ ጋ ወንበር ሳብኩ። ሴትየዋ ፊቴን አየችው። ብርጭቆውን ከፊቴ አነሳችና ሻዩን ሳትቸኩል መሬት ላይ ደፋችው።

«ምን አደረግኩሽ?» አልኳት።

«ምንም» አለች። «ሌላ እቀዳልሻለሁ። ያኛው ያንቺ አይደለም።»

ጋሽ ጆሮ በማግስቱ አንድ ትንሽ ነገር ቀርቷል አለኝ። በሌላው ቀንም ሌላ ትንሽ ነገር። አንዴ ፍሬን፣ አንዴ ካንዴላ፣ አንዴ ደግሞ ምን እንደሆነ ራሱም የማያውቀው ነገር። ሁሌም መጨረሻው አንድ ነው፤ ሄልሜቴን አጥልቄ በአረንጓዴው በር በኩል ዞር ዞር ማለት። ፓምፕ የሚፈታ ሰው ማሽን ደህና ሲሆን ያውቃል። ሞተሩ ደህና ነበር። እንቢ ብዬ ተነስቼ የማልሄደው ለምን ነበር? ሰውየው እኔ ስመለስ ጋራዡ በር ላይ ቆሞ፣ እኔን ሳይሆን የመንገዱን ማዶ እያየ፣ «ተከፈተ?» ብሎ ሲጠይቅ ድምፁ የልጅ ድምፅ ይመስል ስለነበር ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት ከበሩ ውስጥ ሰው ተናገረ። ፍጥነቴን ቀንሼ ነበር፣ በደንብ ሰማሁት። የሴት ድምፅ ነው፣ ከብዙ ዝምታ በኋላ የሚወጣ የሻከረ ድምፅ።

«ዛሬም ሳትገባ ልታልፍ ነው?»

ነዳጅ ሰጠሁትና ሸሸሁ። አዎ፣ ሸሸሁ። አከራዬ ቤት ስደርስ ሞተሩን በወጉ ሳላቆም አጥሯ ላይ አስደገፍኩት።

አከራዬ ግቢዋ ውስጥ ልብስ ታሰጣ ነበር። «እትዬ» አልኳት፣ «በዚያ አረንጓዴ በር ውስጥ ያለው ማነው? ካልነገሩኝ አሁኑኑ ሻንጣዬን ይዤ እወጣለሁ።»

እስቃለሁ ብላ ጀምራ ሳቋ መሃል ላይ ጠፋ። እርጥቡን አንሶላ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ተቀመጠች።

«የጋሽ ጆሮ ቤት ነው እኮ፣ ውስጥ ያለችውም ሚስቱ ናት» አለች። «አልነገረሽም? እንዴት ብሎ ይንገርሽ! ያ የሞተርሽ ድምፅ የልጁ ነው፣ የአንድዬ ልጁ። ማርሚታውን ራሱ በምስማር በሳው፣ እንዲያፏጭለት። አባቱ ስንት ቀን ተቆጣው መሰለሽ። ግን ከተማው በዚያ ድምፅ ነበር የሚያውቀው። ሁለቴ ይስላል፣ ከዚያ ፉጨት። እናቱ ከሩቅ ስትሰማ ተነስታ በር ትከፍትለታለች፤ እሱ ወርዶ በር ከፍቶ አያውቅም፣ ሞልቃቃ ነበር። ሻይም እዚያች ሴትዮ ጋ ሳያልፍ አይጠጣም።»

«የት ሄደ ታዲያ?»

«አንቺ ወደምትሄጂበት። ወንዙ ሞልቶ ሳለ። ሞተሩን ጭቃ ውስጥ አገኙት፣ እሱን ግን አላገኙትም።» አንሶላውን ከትከሻዋ አንስታ ጨመቀችው፣ ውሃ ግን አልወጣውም። «እናቱ ከዚያን ጊዜ ወዲህ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። አትናገርም፣ አትበላም፤ ባሏ ነው በማንኪያ የሚያጎርሳት። ሐኪም መጥቶ ብዙም አትቆይም ብሎ ሄዷል። አንቺ መጣሽና ያን ድምፅ አስነሳሽ። ትናንት ፀጉሯን አበጥራ ግቢዋን ስትጠርግ አየኋት! እኔ ራሴ ሙት የተነሳ መስሎኝ ከጓሮ ነው የሮጥኩት።»

«እና እኔ ምን ልሁን?»

«ምንም አትሁኚ። ብቻ ሄልሜትሽን አታውልቂ።»

በንግግሯ ተናደድኩ፣ በጣም ተናደድኩ። አንድ ከተማ ሙሉ ተስማምቶ እኔን ያለፈቃዴ ሙት አድርጎኛል፤ ፖሊሱ ሳይቀር። ደግሞም ፈራሁ። በዚያው ዕለት ከወዲያ የመጣ የጭነት መኪና ሾፌር በተራሮቹ ላይ ደመና መጠራቀሙን ተናገረ። ሰማዩን ቀና ብዬ ሳይ አቧራው ሥር አንድ ጥቁር ነገር ተኝቶ ነበር። ወደ ጋራዡ የሄድኩት ልጣላ ነው።

ጋሽ ጆሮ የተገለበጠ ቆርቆሮ ላይ ተቀምጦ ነበር። ገና አፌን ስከፍት እጁን አነሳ። ዝም በይ ሊለኝ መሰለኝ፤ እሱ ግን «እውነትሽን ነው» አለኝ፣ ምንም ሳልናገር።

ከዚያ የነገረኝን እንደነገረኝ ልጻፈው። ድሮ ሞተር አይጠግንም ነበር፤ የልብስ ስፌት መኪና ጠጋኝ ነበር። ሚስቱን ያገኛትም እንደዚያ ነው። መርፌ የሚሰብር መኪና ይዛ መጣችና ሲያዳምጥ አጠገቡ ቆማ ትንፋሿን ዋጠች። ሌላ ደንበኛ ሁሉ ያወራል፣ ይጠይቃል፣ እግሩን ያንቀሳቅሳል፤ እሷ ግን እስኪጨርስ አልተነፈሰችም። ያን ቀን መኪናውን ሆን ብሎ በደንብ አልጠገነውም፣ ተመልሳ እንድትመጣ። ይህን ሲለኝ ትንሽ ፈገግ አለና በእኔም ላይ የሠራው ያንኑ ዘዴ መሆኑ ትዝ ሲለው አቀረቀረ። ልጃቸው ሲወለድ ሞተር ወደ ከተማዋ ገባ፣ እሱም ወደ ሞተር ዞረ። ልጁ እናት አባት ከማለቱ በፊት በከንፈሩ የሞተር ድምፅ ያወጣ ነበር።

«ከወንዙ ማዶ ሄጄ በሞተር ሰው እያመላለስኩ እሠራለሁ አለ» አለኝ። «እናቱ ደግሞ ክረምት ነው፣ አትሄድም አለችው። ጠዋት ተጨቃጨቁ። እዚህ መጥቶ ነዳጅ ሞላና ሊሰናበታት ተመልሶ በሩ ላይ ቆመ። እያስጮኸ ጠበቃት፣ ረጅም ጊዜ ጠበቃት፣ እዚህ ሆኜ እሰማለሁ። በሩ አልተከፈተም። ራሷን አሟት ተኝታ ነበር፣ አልሰማችም። ብትሰማ ኖሮማ ትከፍትለት ነበር። እሱ ደግሞ ተቀይሞ ሄደ።»

«ማርሚታው የሱ መሆኑን ያውቁ ነበር?»

«እኔ ነኝ የቀበርኩት፣ ከክምሩ ሥር፣ ዳግመኛ እንዳላየው። ዕቃ ስመርጥ ደግሞ አላይም፤ አይተሻል። ጭቃ ለብሶ ሌላ መሰለኝ። ጆሮዬ ነው ያወጣው።» ካቻቪቱን በእጁ አገላበጠው። «ሲነሳ ነው ያወቅኩት። ወዲያው ልፈታው ነበር፣ ልጄ፣ እውነቴን ነው። ግን መወርወሪያው ተሳበ። ከዚያ በኋላ እጄ እንቢ አለኝ።»

ተናዶ የሄደ ሰው ማዘን ሲጀምር ምን እንደሚያደርግ ግራ ይገባዋል። እኔም ፈጥኜ መላ ፈጠርኩ። «ሌላ ማርሚታ ይግጠሙልኝና ይኼን ያስቀሩት። በራስዎ ሞተር ላይ ያድርጉት።»

ተነስቶ ፈታው። የራሱ ሞተር ላይ ገጥሞ አስነሳው። ሻከረና ጎረነነ፤ ሳሉም የለ፣ ፉጨቱም የለ። ውሻው ከተኛበት ጆሮውን እንኳን አላነሳም። ሌላ ማርሚታ በእኔ ሞተር ላይ ገጥሞ አስነሳ፤ እንደማንኛውም ሞተር ተንጣጣ። ማዶ በሩ እንደተዘጋ ነው። ከዚያ የልጁን ማርሚታ መልሶ በእኔ ሞተር ላይ ገጠመና ረገጠ። ሁለቴ ሳለ፣ አፏጨ። መወርወሪያው ተሳበ።

«ሁለቱ ሲገናኙ ብቻ ነው» አለ። «ስንት ቀን ሞከርኩት መሰለሽ። እንደዚህ ያለ ማሽን በዚህ አገር ሌላ የለም። አንቺ ስትሄጂ ይሄዳል። እሷም ተመልሳ ትተኛለች፤ ከዚህ በኋላ ደግሞ የምትነሳ አይመስለኝም።»

ከወንዙ ማዶ ስላሉት ሰዎች ነገርኩት፣ ስለ ኩሬውና ስለታመሙት ልጆች። ሳይቆጣ፣ ሳይለምነኝ አዳመጠኝ። ከዚያ ነዳጅ ሞላልኝ፣ ሰንሰለቱን ቀባልኝ፣ የመለዋወጫውን ሣጥንና የውሃ ጀሪካኑን ከኋላ ጠፍንጎ አሰረልኝ። ሲያስር ሚስማር እንኳን የማያስገባ አስተሳሰር ነው የሚያስረው።

«ጠዋት በጓሮ በኩል ውጪ» አለኝ። «በእሷ በኩል አትለፊ። ስትሄጂ እንዳትሰማ።»

ሲነጋ አቧራው እንደ ወፍራም ጨርቅ ወርዶ ነበር። የማዶው አጥር አይታይም። በጓሮ በኩል ልወጣ ተነሳሁ፣ ማሽኑን አስነሳሁ፣ መሪውን ወደ ጓሮው መንገድ አዞርኩ። መወርወሪያው ተሳበ። በየቀኑ በር ይከፈትልኛል፣ በየቀኑ ዘልዬ አልፋለሁ፤ ዛሬ ደግሞ ተደብቄ ልሄድ ነው። እንደ ሌባ! እልኸኛ ነኝ፣ መሪውን መለስኩት።

ከአቧራው ውስጥ መጀመሪያ ውሻው ብቅ አለ፣ ቀጥሎ በሩ። በዚያን ቀን እሷም ውጪ ቆማ ነበር። ትንሽ ሴት ናት፤ አጥንቷ ከላይዋ ላይ ባለው የወንድ ሹራብ ውስጥ ይታያል፣ ፀጉሯ ግን ተበጥሮ ተጎንጉኗል። እጇን ዘረጋች፣ ወደ ግቢው።

«ግባ» አለች።

ገባሁ። ውሻው ተከትሎኝ ገባ። ማሽኑን ሳጠፋ ፀጥታው ጆሮዬን አመመኝ። ከኋላዬ በሩ ተዘጋ፣ መወርወሪያው ተወረወረ። ይብቃ ብዬ ሄልሜቴን ላወልቅ እጄን ሳነሳ አንጓዬን ያዘችኝ። እጇ ቀዝቃዛ ነው፣ ጉልበቷ ግን የበሽተኛ አይደለም።

«አታውልቀው» አለች።

ማንነቴን አውቃ ይሁን ሳታውቅ እስከ ዛሬ አልገባኝም። በርጩማዋን ሳበችና ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። በቀሚሷ ጫፍ የሄልሜቱን መስታወት ከአቧራው ጠረገችልኝ፣ ቀስ ብላ፣ ከጥግ እስከ ጥግ። መስታወቱ ጥቁር ነው፤ ከውጭ ሆኖ የሚያይ ሰው የሚያገኘው የራሱን ፊት ነው። እሷም ያንን ፊት ትክ ብላ አየችው።

«እንግዲህ ልንገርህ» አለች። «ያን ቀን ሰምቼሃለሁ።»

ትንፋሼን ዋጥኩ።

«አባትህ ተኝታ ነበር ይላል። እንዲያ ያልኩት እኔ ነኝ። አልተኛሁም። እዚች ጋ ነበርኩ፣ ከበሩ ወዲህ፣ እጄን መወርወሪያው ላይ አድርጌ። ስታስጮኸው እሰማለሁ። ትንሽ ይቆይ፣ ይለምን አልኩ። ይውረድና ያንኳኳ አልኩ። አንተም አልወረድክ፣ እኔም አልከፈትኩ።» ከንፈሯን በእጇ ጀርባ ጠረገች። «አሁን በመጣህ ቁጥር እከፍትልሃለሁ። አትገባም። ተቀይመኸኝ ይሆናል እላለሁ። ተቀይመኸኛል?»

ድምፄ የሴት ነው፤ አንዲት ቃል ብተነፍስ ሁሉም ነገር ይፈርሳል። ደግሞስ እኔ ማን ነኝና ነው በሞተ ሰው ስም ይቅር የምለው? መብቱን ማን ሰጠኝ? ተናደድኩ፣ በጋሽ ጆሮ፣ በመሥሪያ ቤቴ፣ አይቼው በማላውቀው በሞልቃቃው ልጅ። እሷ ደግሞ ትጠብቃለች፤ እንዲህ ስትጠብቅ ነው ስንት ጊዜ የኖረችው። ራሴን ግራና ቀኝ ነቀነቅኩ። አልተቀየምኩም።

ረጅም ትንፋሽ አወጣች። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች፣ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፣ ድምፅ ግን አላወጣችም። ሲያልፍላት ጉልበቷን ይዛ ተነሳችና ሁለቱንም በሮች ወለል አድርጋ ከፈተቻቸው።

«አባትህ ውጪ ቆሟል» አለች። «ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰም። ሻይ ልጣድለት።» ወደ እኔ ሳትዞር ወደ ቤት ገባች። ከጥቂት በኋላ ከውስጥ የማንቆርቆሪያ ክዳን ሲንኳኳ ሰማሁ።

ጋሽ ጆሮ እውነትም ደጁ ላይ ነበር። ጀርባውን የቆርቆሮው አጥር ላይ ለጥፎ፣ ካቻቪቱ በእጁ። ያ ጆሮ ያልሰማው ነገር አልነበረም። እንባው በአቧራው ላይ መስመር ሠርቶ ወርዷል። በአጠገቤ አልፎ ገባ። «አለሁ፣ መጣሁ» ሲላት ሰማሁት። ለብዙ ጊዜ ሳያናግሩት የከረሙትን ሰው ሊያናግሩ ሲሞክሩ እንደሚሆነው ድምፁ ተሰባብሮ ነበር።

ሞተሩን ላስነሳ እግሬን ፔዳሉ ላይ አደረግኩና ቆምኩ። ያ ድምፅ ባለፈው ጊዜ ከዚህ በር ወጥቶ ሄዷል፤ እሷም ከበሩ ወዲህ ቆማ ሲርቅ እስኪጠፋ ሰምታዋለች። ዛሬ ገብቷል። እኔ ደግሞ እንደገና ሲርቅ ላሰማት ነው? እግሬን አወረድኩ። መሪውን ይዤ መግፋት ጀመርኩ።

ያን የመሰለ ሸክም የተጫነ ሞተር መግፋት ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። የሰደብኩት ስድብ ሁሉ በሄልሜቱ ውስጥ ቀረ። ፀጉር አስተካካዩ ደጅ ስደርስ ሰውየው መቀሱን አስቀመጠና ከአቧራው ውስጥ ወጥቶ እጁን ሣጥኑ ላይ አሳረፈ። ሻይ ሻጯ በሌላው በኩል መጣች። ፖሊሱም መጣ፣ ያ ነጭ ጨርቅ አንገቱ ላይ እንደታሰረ። ለምን እንደምገፋ የጠየቀኝ የለም። በዚያ ጭጋግ በሚመስል አቧራ ውስጥ ከጎማው ድምፅ በቀር የሚሰማ ነገር አልነበረም፣ ሦስቱንም ዞሬ ለማየት አልደፈርኩም። የመጨረሻው ቤት ጋ እጃቸው ከሣጥኑ ላይ ሲነሳ ክብደቱ ተመለሰብኝ።

ብቻዬን ደግሞ ገፋሁት፣ ትከሻዬ እስኪደነዝዝ፣ ከተማዋ ከኋላዬ እስክትጠፋ። ወንዙ ገና ከፊቴ ነው፣ ከአቧራው ባሻገር ነጎድጓድ ይሰማል። ከዚያ በላይ መቆየት አልችልም ነበር። ረገጥኩት። ሁለቴ ሳለና አፏጨ፤ ያለ በር፣ ያለ ውሻ፣ ያለ ማንም ሰው ስሰማው የመጀመሪያዬ ነበር። ፈራሁ፣ አልዋሽም። ግን ይህን ድምፅ እሷ አልሰማችውም። ለእሷ ጆሮ ልጇ ዛሬ ጠዋት ገብቷል፣ አልወጣም፤ ገብቶ ይቅርላት።